የምሳው ፈተና

መርዶ ነጋሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምሳ መብላቴን ነው። መርዶ የሚነገረው ገና ሳይነጋ ነበር፤ እነሱን ግን የኒሯቅ ዳገት አዘግይቷቸው በእኩለ ቀን ሰቆጣ ደረሱ። እኔ ደግሞ ባለቤቴ የዚያን ዕለት ይመለሳል ብዬ ገበታ አቅርቤ እየጠበቅሁት ነበር። «በልቻለሁ» አልኳቸው። አመኑኝና ነገሩኝ። ለሥራ አበርገሌ በወረደበት ወባ ጥሎት ኖሯል።

እስቲ ስለዚህች «በልቻለሁ» ላውጋችሁ።

ባለቤቴ ሐኪም ነበር፤ ሊለማመዱ የሚመጡ ወጣት ሐኪሞችንም ያስተምር ነበር። መድኃኒቱን ያውቁታል፣ ምግቡን ግን አያውቁትም ይል ነበር። ስለዚህ ስለ ምግብ ሊያስተምራቸው ተነሳ። እህል ያለ ቁና ይሰፈራል እንዴ? ከትምህርቱ በፊት ፈተና ሰጣቸው፤ ከትምህርቱም በኋላ ያንኑ ደገመላቸው። አንዱ ጥያቄ፣ በቤት ምግብ ሲያጥር ቅድሚያ ለማን ይሰጣል የሚል ነበር። በፊት አንዱ ለአባወራው፣ ሌላው ለእንግዳ ብሎ ጽፎ ነበር፤ አንዱማ ለነፍስ አባት ብሏል። በኋላ ግን ሁሉም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አሉ። ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም። ምሳ ጋበዛቸው።

እኔ ያኔ ሆዴ ገፍቷል። ዝናቡ ቀርቶብን ጓዳችን ሳስቷል። ያለችኝን እንቁላል ቀቅዬ ከወጡ ጋር አቀረብኩና ቆሜ ማስተናገድ ያዝኩ። «እትዬ፣ ይቅረቡ እንጂ» አሉኝ። የትኛዋ የዋግ ሴት በአንድ ቃል እሺ ትላለች? በልቻለሁ አልኩ። ባንዴ አመኑኝ። አንዱ እንዲያውም እንቁላል እየላጠ፣ ይህ ለነፍሰ ጡር ፍቱን መሆኑን ሲያስረዳኝ እኔ ውኃ እቀዳለት ነበር። አስረድቶ ሲጨርስ ጎረሰው።

ሲሄዱ ባለቤቴ ሌማቱን ከፈተ። ፍርፋሪ ነው።

«ምን በላሽ?» አለኝ።

ሌማቱን መልሼ ከደንኩት። የፈተናውን ወረቀት አወጣና ለሁሉም ዜሮ ሰጣቸው። አስተማሪውም ወድቋል አለ፤ እሱም አብሯቸው በልቶ ነበራ። በማግስቱ ሲነግራቸው አንዱ ተከራከረው አሉ።

«ጋሼ፣ ራሳቸው በልቻለሁ ብለውን የለም እንዴ?»

«በሽተኛ ደህና ነኝ ቢልህ ታሰናብተዋለህ?»

ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልጎርስ አይጎርስም ነበር። በልቻለሁ ስለው «ምን?» ይለኛል። ያሳቅቀኝ ነበር። አሁን ያቺን «ምን?» ብሰማት ምን ነበረበት?

ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጅ ደሴ አክስቷ ዘንድ ትማራለች። ለቅሶ ደራሹም ወደየቤቱ ገብቷል። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ብቅ እያሉ እህል ቀመስሽ ወይ ይሉኛል። በልቻለሁ እላለሁ። ያምኑኛል።

እንግዲህ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ካህናቱ ይቅር ይበሉኝና፣ ጸሎታችሁ ግን ከምሳ በኋላ ይሁን። በባዶ ሆዱ የጸለየለትን ሰው እሱ እዚያም ሆኖ ዜሮ ነው የሚሰጠው።

እኔ? እኔማ በልቻለሁ።