ካሬ ለማሟላት የጎረቤት ጥግ

እናንተዬ፣ ከማስተማር ሁሉ የሚከፋው ምሳሌ መስጠት ነው። ደረቁን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚወጣ መምህር በሰላም ውሎ በሰላም ያድራል። "ተማሪዬ ይግባው" ብሎ ለምሳሌ ፍለጋ ሰው ማሳ የሚገባ ግን፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እንደኔ ነው የሚሆነው።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶችን ሒሳብ አስተምራለሁ። ኳድራቲክ እኩልታ ላይ ስንደርስ ካሬ ማሟላት የሚባለው ዘዴ አልገባ አላቸው። እኔም የተማሪዬን የጋሼ ተስፋዬን የቡና ማሳ ሳልኩላቸው። ማሳው ድሮ እኩል አራት ማዕዘን ነበር፤ ጋሼ ኋላ በሁለት ተያያዥ ጎኖቹ እኩል ስፋት ያለው መሬት ጨመሩበት። ሁለቱ ጭማሪዎች የሚገናኙበት ጥግ ግን የሌላ ሰው ስለሆነ፣ ማሳው ጥጉን የተገመጠ ዳቦ መስሏል። "ይቺን ጥግ ብንሞላት ሙሉ ካሬ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መፍታት ቀላል ነው" አልኩ በኩራት። ጋሼ ተስፋዬ እስከዚያ ቀን ሒሳብ ገብቷቸው አያውቅም። ያን ቀን ገባቸው። የገባው ሰው ደግሞ ምን ያስቀምጠዋል? ትምህርቱ ሳያልቅ ወጡ።

ሰኞ ስሰማ ጥጓን አጥረዋታል። ጥጓ የእትዬ አስካለ ናት፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ሌላዋ ተማሪዬ። የቤታቸው ቀለብ የሆነው እንሰት ያለው እዚያች ላይ ነው፤ እንሰት ደግሞ ዛሬ ተክለውት ነገ አይደርስም። ጥጓ ከሄደች ልጆቻቸው ምን ሊበሉ ነው? እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። ጋሼ ተስፋዬ ፍርጥም ብለው "ከራሴ አላመጣሁትም፤ ቲቸር ናቸው ያስተማሩኝ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተነሱ። "ልክ ነው፣ ቲቸር ይህን ብለዋል። ጋሼ ተስፋዬ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ ግን ቲቸር የቀረውን ነገሩን። በአንድ ወገን የጨመሩትን ያህል በሌላውም ወገን መጨመር ግዴታ ነው፤ አለዚያ እኩልታው ይፈርሳል። እንግዲህ ጥጓን ይውሰዱ፤ የእሷን ያህል ደግሞ መንገድ ዳር ካለው ቡናዎ ለእኔ ይስጡኝ።"

ሽማግሌዎቹ እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። "ሕጉ ነው" አልኩ። የመንገድ ዳሩ ቡና ለጋሼ ተስፋዬ የዓይናቸው ብሌን ነው። አጥሩን በዚያው ቀን ነቀሉት።

ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና ላይ "ካሬ በማሟላት ፍቱ" የሚል ጥያቄ አወጣሁ። እትዬ አስካለ ጥንቅቅ አድርገው ሠሩት። ጋሼ ተስፋዬ ግን "እኔ ከእንግዲህ የሰው ጥግ አልነካም" ብለው ጻፉና፣ መጨረሻ ላይ በተማርነው የኳድራቲክ ቀመር ቁጥሮቹን ተክተው ትክክለኛውን መልስ አገኙ። ማርኩን ሰጠኋቸው። ያ ቀመር ራሱ ካሬ ተሟልቶ የተገኘ መሆኑን፣ ጥጓ ቀድሞውኑ ተወስዳ ቀመሩ ሆድ ውስጥ መቀመጧን ግን አልነገርኳቸውም። እናንተም አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።