ቮልሳችን ቡሬ የገባች ዕለት

አሮጌ መኪና ያለው ሰውና አማቷ ቤት የገባች ሙሽራ አንድ ናቸው። ሁለቱም ማለዳ ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚያስቡት፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆና ትጠብቀኝ ይሆን?» ነው። አዲስ መኪና ያለውስ ምን ያስባል? ምንም! ቁልፍ ያዞራል፣ ይሄዳል። እሱም ኑሮ ሆኖ!

እኛ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከሟቹ አማቴ የቀረችን ቮልስ አለችን። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ከስሜነህ ጋር ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፈን እንፈታታታለን። ጋራዥ ለሰነፍ ነው! ስሜነህ ይፈታል፣ እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ የእሱ እጅ በማይገባበት የእኔን እሰዳለሁ፤ መግጠሙ ደግሞ የእግዜር ነው። ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቡሎን ይተርፈናል። ስሜነህ «ሲሠሯት አብዝተውባት ነው» ይላል፤ እኔም አምኜው የተረፈውን በጣሳ አጠራቅማለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለ ካንዴላ ግን ጠይቁኝ!

ምን ያደርጋል፣ ግማሿ የባሌ ታላቅ ወንድም የጋሼ ይርዳው ናት። እሳቸው ቡሬ ተቀምጠው ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስብ ነጋዴ አግኝተውላት፣ «እንሽጣት» እያሉ ቁም ስቅላችንን አሳዩን። ለብረት! ከነነፍሷ! አለቀስኩ፣ ተማጠንኩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና ተቆረጠ፤ ጋሼ ይርዳው በታኅሣሥ ገብርኤልን ይዘክራሉ፤ ለዝክሩ ቮልሷ በራሷ እግር ቡሬ ከገባች ትኑር፣ ተጎትታ ከመጣች ትሸጥ። ምስክር እንዲሆኑም የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ አብረውን ይሳፈሩ ተባለ።

የዝክሩ ዕለት ማለዳ አስነሳናት። ሞተሩ እሺ አለ፤ የፊት ጎማዎቿ ግን እንደ ሙሾ አውራጅ ያለቅሳሉ። ስሜነህ የጎማው መዞሪያ፣ ኩሽኔታው፣ ደርቆ ነው፣ ግራሶ ይፈልጋል አለ። የግራሶውን ጣሳ ብንከፍተው ድመት የላሰው ይመስላል። ሱቁ ሁሉ ለበዓሉ ተዘግቷል። «አንቺ መምሬን ጥሪ፣ እኔ አንድ ዘዴ አላጣም» ብሎ ሰደደኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? ስመለስ ጎማዎቹ ተገጥመዋል፣ ለቅሶው ቆሟል፣ ሰውዬውም እጁን በሳሙና ይፈትጋል። መኪና የሚፈታታ ባል ሳይለምኑት እጁን በሳሙና ሲታጠብ ያየች ሴት ትጠርጥር!

ጉዞው እንዴት አማረ! መምሬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ግራ ቀኙ የጤፍ ክምር። ማንኩሳን አለፍ ስንል ግን አንድ ሽታ መጣ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ሞቅ ያለ የተነጠረ ቅቤ! በነቢያት ጾም!

መምሬ አማተቡና፣ «ወለተ ማርያም፣ ምን ይዘሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም፣ አባቴ! ሰይጣን ሊፈትነን ይሆናል» አልኩ።

«ሰይጣን ኮረሪማ ከየት አመጣ?» አሉ።

ስሜነህ መስኮቱን ከፈተ። አንገቱን ያልበዋል።

ቡሬ ስንደርስ አንድ ውሻ ተከተለን፣ ከዚያ ወንድሞቹን ጠራ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እነዚህ ግን ሳይበሉ ነው የጮኹት። ቮልሳችን በራሷ እግር፣ በውሻ ታጅባ፣ ጋሼ ይርዳው ደጃፍ ቆመች። እልልታዬን አቀለጥኩት! የተቀበለኝ ግን የለም። ሽሮና ጎመን የቀረበለት ዝክረኛ ሁሉ አፍንጫውን ወደ መኪናዋ አዙሯል።

ጋሼ ይርዳው አንድ ጊዜ አሸተቱና፣ «በገብርኤል ቀን፣ በእኔ ዝክር ላይ፣ ዶሮ ወጥ ጭነሽ መጣሽ?» አሉኝ። ሴቶቹ ለፍተሻ ተነሡ። የፊቱን ኮፈን ከፈቱ፣ ትርፍ ጎማ አገኙ። ከመቀመጫው ሥር ዳበሱ፣ የቡሎን ጣሳዬን አወጡ። እኔ በአደባባይ ጾም ገዳፊ ልባል!

ስሜነህ እኔን አየ፤ የግራ ጎማዋን የሚልሰውን ውሻ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሷ አይደለችም፣ ኩሽኔታው ነው» አለ። «ግራሶ ሳጣ ጊዜ... ለገና ያነጠረችው ቅቤ... በጾሙ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበርና...»

ጾም ገዳፊ ከመባል ዳንኩ፤ ከባሌ ጋር ግን ገና መጀመሬ ነው። ከማሰሮው ስንቱን ወሰድክ ብዬ ብጠይቀው፣ «ሁለት ጎማ በምን ይዳረሳል?» አይለኝም!

ይህን ጊዜ ጋሼ ይርዳው ነቁ። በቅቤ የመጣች በራሷ እግር መጣች አይባልም፣ ትሸጥ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ ጢማቸውን ደባበሱና፣ «አንተስ ይርዳው፣ ሳትበላ ትሄዳለህ? እሷም በበላችው ሄደች። ጾሙን እንደሆነ፣ ያልተጠመቀች ምን ጾም አላት?» ብለው ፈረዱ። ተረፈች! በደስታ ዘልዬ መምሬን ላቅፍ ስል መስቀላቸውን ቀድመው ዘረጉልኝ፤ እሱን ተሳለምኩ።

ገና ደረሰ፤ ጋሼ ይርዳው ለእርቅ ቤታችን መጡ። ዶሮውን አቀረብኩ። አንድ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ እንጀራቸውን ይዘው አሰብ አደረጉና፣ «አይ እቴ፣ ይሄ ዶሮ ቅቤ አልጎደለውም?» አሉኝ።

«ኧረ አልጎደለም፣ ጋሼ!» አልኳቸው። «ቅቤው ደጅ ቆሞልዎታል፤ ግማሹም የእርስዎ ነው።»