ባቡር የማይሳፈሩት የባቡር ወዳጅ

በእኛ በዌልስ ሸለቆዎች ባቡር የሚቆምበት መንደር ሁሉ አንዲት ወይዘሮ አለችው። ሾፌሩ ባቡሩን የሚነዳው እሱ ይመስለዋል እንጂ የምትነዳው እሷ ናት። የእኛዋ የተከበሩት ወይዘሮ ኔሪስ ፒው ናቸው፤ የብሪንገል ጣቢያ ወዳጆች ማኅበር መሥራች፣ ሊቀመንበርና አበባ አጠጪ።

አባል የሚመለምሉት በአንዲት ጥያቄ ነው። ውሻህን እየሳብክ በጣቢያው በኩል ብታልፍ ከአበባው መሀል ቀና ብለው፣ "እጅህ ባዶ ነው እንዴ?" ይሉሃል። መልስህን ሳይጠብቁ ብሩሽ ያስጨብጡሃል። ሰባኪያችን ጣቢያውን ሊባርክ መጥቶ መጥረጊያ ይዞ ቀርቷል። እኔ አባል አይደለሁም። አባል ሳልሆን አግዳሚ ወንበሩን ሁለቴ ቀብቻለሁ፣ ሣር አጭጃለሁ፣ "በባቡር ይጓዙ" የሚል ወረቀት በየበሩ አድያለሁ።

የጣቢያውን ስም የያዘውን ሰሌዳ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጸዱት። የጎረቤት ጣቢያ በአበባው ውበት ሲሸለም ደግሞ፣ "እሱ አበባ አይደለም፣ ጉራ ነው" ብለው ለአንድ ወር ያህል በዚያ መንደር በኩል አላለፉም።

ባለፈው ጸደይ ክፉ ወሬ መጣ። ብሪንገል ላይ የሚሳፈር ሰው የለም፣ ስለዚህ ባቡሩ እዚያ መቆሙን ሊተው ነው ተባለ። ከባቡር መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው በባቡሩ መጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ወይዘሮ ኔሪስ አላለቀሱም፤ የጥርስ ብሩሻቸውን ይዘው ንጹሑን ሰሌዳ እንደገና ማጽዳት ጀመሩ እንጂ። አንጀቴን በሉት።

በቀኑ መንደሩ ነቅሎ ወጣ። አንዱ ኬክ፣ አንዱ የአበባ ማሰሮ፣ ሰባኪው ትልቅ የሻይ ጀበና፣ እኔና ሌሎች ሦስት ሰዎች "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጨርቅ ይዘን ተሰለፍን። በእኛ ጣቢያ ደግሞ ባቡር የሚቆመው እጁን ለዘረጋ ሰው ብቻ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ የተዘረጋ እጅ ፈለገ፣ አጣ። በትሕትና ጡሩንባውን ነፍቶ አለፈ።

"ማነው እጁን መዘርጋት የነበረበት?" አሉ ወይዘሮ ኔሪስ።

"በየትኛው እጃችን?" አለ ሰባኪው ከነጀበናው።

መኪኖቻችንን አስነስተን እንግዳውን ፍለጋ እስከ ቀጣዩ ጣቢያ ከነፍን። አቶ ሃቫርድ የሚባሉ ቀጭን ሰው ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

"እኔም ሾፌሩን አቁምልኝ አላልኩም" አሉ፣ ኬክ እየተቀበሉ። "ማን እንደሚያስቆመው ለማየት ፈልጌ ነው። ለመሆኑ እዚህ በምን መጣችሁ?"

"በመኪና።"

"ወደ ጣቢያውስ ሁልጊዜ በምን ነው የምትሄዱት?"

"በመኪና ነዋ። አካፋና ውሃ በምን ይጫናል?" አሉ ወይዘሮ ኔሪስ።

"እርስዎስ በባቡሩ የተሳፈሩት መቼ ነው?"

ወይዘሮ ኔሪስ የኬኩን ሳህን ለሰባኪው አስያዙ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እሱ ሲመጣ እኔ ሁሌ ሥራ ላይ ነኝ" አሉ። አቶ ሃቫርድ አንጀታቸው አልጨከነም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና ሊመጡ ቃል ሰጡ።

ሐሙስ ኬክ የለ፣ ማሰሮ የለ። ወይዘሮዋ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ባቡሩ ቆሞም አላጠፉትም። ሰባኪው ቀስ ብሎ አወረደላቸው። ሁላችንም ቲኬት ቆርጠን ገባን። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠው የጠበቁን አቶ ሃቫርድ ዙሪያቸውን አይተው፣ "ሰው ካለማ ባቡሩ ይቆማል" አሉ።

መንደሩ አጨበጨበ። ወይዘሮ ኔሪስ ግን አልሰሙም። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ በእጃቸው የተከሉት ቀይና ቢጫ አበባ ሁሉ አንድ በአንድ ሲያልፍ ያያሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ለካ እንዲህ ነው የሚታየው" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ፣ "ያ የዳር ማሰሮ ዘሟል" አሉ።

አቃናው አላሉኝም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሄጄ አቃናሁት፤ ከዚያም እጄን ዘርግቼ ባቡሩን አስቆምኩና ገበያ ሄድኩ።