ወይዘሮ ታራይቪኒና የጉርሻው ምላሽ

ሰው ሁሉ ስጦታ ሲቀበል ደስ ይለዋል የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ለብድር መላሽ ሴት አንድም ቀን ስጦታ ሰጥተው አያውቁም። ብድር መላሽ በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። አንድ ሎሚ ብትሰጧት ጓሮዋን አራቁታ ቅርጫት ሙሉ ፓፓያ ትልክላችኋለች፤ በዛ ብላችሁ ግማሹን ብትመልሱላት ደግሞ ዶሮዋን ጠፍራ ደጃፋችሁ ላይ ትቆማለች። ከእሷ ጋር በፍቅር ለመኖር ያለው ብልሃት አንድ ብቻ ነው፤ ምንም አለመስጠት።

ከአንዲት ሩቅ ደሴት በምትገኘው በሳቩሳቩ ወደብ ይህ ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የክብርት ወይዘሮ ታራይቪኒ ነበር። ወይዘሮዋ ፍል ውኃው ከባሕሩ ዳር በሚንተከተክበት ሰፈር ጥቂት ጠረጴዛዎች ያሏት ምግብ ቤት ነበረቻቸው። ጎደሬውን በፍል ውኃው ይቀቅሉታል፣ ዓሣውን በሎሚ ጭማቂ አብስለው በኮኮናት ወተት ይለውሱታል፤ በሙያቸው የሚያማቸው አልነበረም። የሚታሙት በእጃቸው ነበር። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ የመንጋጋ ጥርሳቸውን ከነቀለላቸው በኋላ የጥርስ ብሩሽ በነፃ ቢሰጣቸው፣ በማግስቱ የአሳማ ጭን ተሸክመው ክሊኒኩ በር ላይ ተገኙ። ሐኪሙ ምን ለማለት እንደፈለገ አይታወቅም፤ አፋቸው ያበጠው ወይዘሮ ቀድመውት "ባዶ እጅ ደግሞ እጅ ነው?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ብሩሽ እንዳልሰጠ ይነገራል።

ይህን ጠባይ ከማንም አብልጣ የምታውቀው የወንድማቸው ልጅ ቪሊሲ ነበረች። እናትና አባቷ ካረፉ ወዲህ በአክስቷ እጅ አድጋ፣ በዚያው ምግብ ቤት ታስተናግድ ነበር። እንግዳ ደግሞ ጠባዩን ከአገሩ ይዞ ይመጣል። አውስትራሊያውያን የበሉበትን ከፍለው፣ አመስግነው ይሄዳሉ፤ ወይዘሮ ታራይቪኒ እጅግ ሰላማዊ ሕዝብ ይሏቸው ነበር። ጀርመኖች ሒሳቡን ወደ ላይ ያጠጋጋሉ፤ ለተጠጋጋው ሳንቲም በየኪሳቸው አንዳንድ ሎሚ ተጨምሮላቸው ይሸኛሉ። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ግን ከሁሉም የከፋች ነበረች። ገንዘብ አልተወችም፤ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ መሐረብ በሁለት እጇ አቀረበች። ወይዘሮዋ ማራገቢያ ሰጡ። አሮጊቷ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣች። ወይዘሮዋ ከግድግዳው ላይ ትልቁን ዛጎል አወረዱ። ሁለቱም ጎንበስ ቀና እያሉ ቀጠሉ። የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባውን ባይነፋ ኖሮ ምግብ ቤቱ ወደ ጃፓን፣ የአሮጊቷም ሻንጣ ወደ ሳቩሳቩ በተዛወረ ነበር። ወይዘሮ ታራይቪኒ አውቶቡሱን በዓይናቸው ሸኝተው "እንዲህ ያለች ጨዋ አይቼ አላውቅም" አሉ፤ ያሉት ግን እንደተሸነፈ ሰው ነበር።

አሜሪካዊው ዌንደል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብቻውን ባሕር የሚያቋርጥ ጡረተኛ ሲሆን፣ የጀልባው ሞተር ስለተሰበረበት መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ከወደቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። እራቱን ዘወትር ከወይዘሮዋ ዘንድ ይበላል። በአገሩ አስተናጋጅ ከደሞዟ ይልቅ በእንግዳ ጉርሻ የምትኖር በመሆኗ፣ ምንም ሳይተው ከማዕድ የሚነሣ ሰው ከሌባ አይሻልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ጠቀም ያለ ኖት ከሳህኑ ሥር ትቶ ተነሣ።

ቪሊሲ ኖቱን ለአክስቷ ወሰደች። ወይዘሮዋ ምድጃቸውን ትተው ወጡ። በአገራቸው የስጦታ መቀበያ ወግ ከዌንደል ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ መዳፎቻቸውን ጎድጎድ አድርገው አጨበጨቡ፣ ከዚያም ስለ ስጦታው ክብደት፣ ስለ ዌንደል አባቶችና አባቶቹ ስለጠጡት ወንዝ በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ እንግሊዝኛ ለከበረ ጉዳይ አይበቃም የሚል እምነት ነበራቸው። ቪሊሲ ተረጎመችለት። ዌንደል የአሪዞና በረሃ ተወላጅ ስለሆነ የትኛው ወንዝ እንደተጠቀሰ አልገባውም፤ ቢሆንም ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ንግግሩ ሲያበቃ ወይዘሮዋ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ የተጠቀለለ ሰሌን አወጡና አስታቀፉት።

ሰሌኑ የቪሊሲ ነበር።

ቪሊሲ በላምባሳ ከተማ ለሚያስተምር ሳኪዩሳ ለተባለ መምህር ታጭታ ሠርጓ ቀርቦ ነበር። ሙሽራ ያለ ሰሌን ክምር ባል ቤት ብትገባ ራቁቷን እንደገባች ይቆጠራል። ወይዘሮ ታራይቪኒ ዝናቡ በወረደበት ወራት ሁሉ ቮይቮይ የሚባለውን የሰሌን ቅጠል እያደረቁ፣ በዛጎል እየፋቁ፣ እያለሰለሱ ሲታቱ ከርመው፣ ዳር ዳሩን በቀይና በቢጫ የሱፍ ዘርፍ አስጊጠው ጓዳውን እስከ ጣሪያው ሞልተውት ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው፤ የሳኪዩሳ እናት ከደጃፍ ቆማ የሰሌኑን ብዛት በዓይኗ የምትገምት፣ የገመተችውንም ለላምባሳ ገበያ የማትደብቅ ሴት ናት።

ዌንደል ያገኘውን ሰሌን በአገሩ ሚዛን መዘነው። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ተደርጎለት የትናንቱን ያህል ብቻ መተው ነውር መሰለው። በማግስቱ ጨመረ። ወይዘሮዋም ጨመሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው በሁለት ጨዋ ሰዎች መካከል የተደረገ ጦርነት ነው። እሱ በተወ ቁጥር እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሳቸው በመለሱ ቁጥር እሱ ባለዕዳነት ይሰማዋል፤ የጓዳውም ክምር ከጣሪያው ወረደ፣ ከመስኮቱም አነሰ።

ቪሊሲ ድፍረት ያደላት ልጅ አልነበረችም። ቢሆንም አንድ ጠዋት አክስቷ ጎደሬ ሲልጡ አጠገባቸው ተቀምጣ "አክስቴ፣ ሰውየው እኮ ስጦታ እየሰጠዎት አይደለም" አለች። "ለአስተናጋጅ የሚተው ነው። ያገሩ ደንብ ነው።"

"ምን የሚሉት ደንብ ነው፣ ሰው ሰጥቶ ዝም የሚባልበት?"

"ዝም ይባላል። ኪስ ይገባል፣ በቃ።"

ወይዘሮዋ ቢላዋቸውን አቆሙ። "እኔን ኪሴ አስገባ ትይኛለሽ? ለማኝ ነኝ ወይስ ቀረጥ ሰብሳቢ?"

"ሠርጌስ?"

"ሰሌን ቅጠል ነው፣ ይታታል። የተዋረደ ቤት ግን ተመልሶ አይታታም" አሉና ልጣጩን ወደ ባሕሩ ወረወሩት። ቪሊሲ ሠርጉ እስኪደርስ አንድ ሰሌን እንኳ ታትቶ እንደማያልቅ ታውቃለች፤ አክስቷም ያውቃሉ።

ቪሊሲ ወደ ዌንደል ዞረች። ኖቱን እንዳያስቀምጥበት ሳህኑን ቀድማ ብታነሣበት ከጨው ዕቃው ሥር አኖረው፤ የጨው ዕቃውን ብትወስድበት ከአበባው ሥር። በመጨረሻ "በዚህ ቤት ጉርሻ አንቀበልም" ብላ በትልቁ ጽፋ በር ላይ ለጠፈች። ዌንደል ቆሞ አነበበው፤ አንብቦም አዘነ። የአንዲት ምስኪን አስተናጋጅ ላብ በባለቤቲቱ እንደሚበዘበዝ ስለተረዳ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ጠቀስ እያደረገ፣ ካለፈው የሚበልጥ ኖት በቪሊሲ መዳፍ ውስጥ በምሥጢር ይጨምቅላት ጀመር። ቪሊሲም በወይዘሮ ታራይቪኒ ቤት ያደገች ናትና መደበቅ አልሆነላትም። ኖቱን ታደርሳለች፤ ሰሌኑ ይወጣል።

መለዋወጫው የደረሰው ለሠርጉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዌንደል ስንብቱ ስለሆነ ትልቁን ኖት ተወ። በጓዳው የቀረው አንድ ሰሌን ብቻ ነበር፤ ሙሽራውና ሙሽራይቱ የሚቀመጡበት፣ ዘርፉ ሦስት እጥፍ የሆነው። ወይዘሮ ታራይቪኒ አወጡት። እጃቸውን ላዩ ላይ ትንሽ አቆዩና "ወስደሽ ስጪው" አሏት፤ በዚህ ጊዜ ንግግር ለማድረግ አልወጡም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቪሊሲ ሰሌኑን በትከሻዋ ይዛ የጀልባ መቆሚያው ጋ ደረሰች። ዌንደል ሲያያት ፊቱ እንደ ታማሚ ሆነ።

"አክስትሽ በጣም ደግ ናቸው" አለ። "ነገ ከመሄዴ በፊት ብቅ ብዬ ትንሽ ነገር እተውላቸዋለሁ።"

"አይተዉ" አለች ቪሊሲ። እንግዳን አቋርጣ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። "እርስዎ በተዉ ቁጥር የኔ ክምር ያልቃል። ይሄ የሠርጌ ሰሌን ነው። ሁሉም የሠርጌ ነበሩ።"

ዌንደል የጀልባውን ክፍል በር ከፈተ። ሰሌኖቹ ተጠቅልለው እስከ ጣሪያው ድረስ ታጭቀዋል። አልጋው አይታይም። ከውጭ በዝናብ እየተደበደበ ማደር ከጀመረ እንደቆየ፣ ለሞተሩ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሳይቀር እንደነካ፣ ሴትየዋ ምን ያህል ቢተውላቸው እንደሚበቃቸው ግን ሊያውቅ እንዳልቻለ ነገራት። አሁኑኑ ተሸክሞ እንደሚመልስላቸውም ቃል ገባ።

"ከመለሱላቸውማ አክስቴ ቆመው ይሞታሉ" አለች።

መቆሚያው ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ቪሊሲ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ፣ እናቷ ከሩቅ ደሴት የተዳረች እንደነበረች፣ በሕይወት ያለ ወንድም እንዳልተረፋት፣ በሠርጉ ቀን የእናት ወንድም ቦታ ባዶ ሊሆን እንደሆነ ነገረችው። የእናት ወንድም ሠርግ ሲመጣ ሰሌን አስይዞ ይመጣል፤ ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

"የእናቴ ወንድም ይሁኑልኝ" አለችው።

ዌንደል ኪሱን ዳበሰ። "ለዚህ ምን ያህል ይተዋል?"

"ምንም።"

"እንዴት ደስ ይላል" አለ፤ ከልቡም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዌንደል ሽርጥ አገልድሞ፣ ሰሌን የተሸከሙ ዓሣ አጥማጆችን አስከትሎ ገባ። ክምሩን ከወይዘሮ ታራይቪኒ ፊት አስወርዶ ተቀመጠና ቪሊሲ ያስጠናችውን ንግግር ከአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው እየተሻገረ ተወጣው። ወይዘሮዋ ከላይኛው ሰሌን ላይ ዓይናቸው ቀረ። ቀዩን ዘርፍ በጣቶቻቸው መካከል አሹት፤ የሚቀጥለውን ገለጥ አደረጉ፤ ከሥሩ ያለውንም። የሳኪዩሳ እናት አንገቷን አስግጋለች። ወይዘሮዋ "እነዚህ የኔው ናቸው" ቢሉ፣ ቪሊሲ ራቁቷን፣ እሳቸውም የሰጡት የተመለሰባቸው ሆነው በላምባሳ ሰዎች ፊት መቅረታቸው ነው።

"የታታቻቸው ሴት" አሉ ወይዘሮ ታራይቪኒ በመጨረሻ፣ "ባለሙያ ናት።"

መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው አጨበጨቡ፤ ቤቱም ሁሉ ተቀብሎ አጨበጨበ። የሳኪዩሳ እናት ክምሩን ገምታ ስታበቃ ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ በላምባሳ ትልቅ ምስክርነት ነው። ወይዘሮዋ ግን ወደ ቪሊሲ፣ በኋላ እንነጋገራለን የሚል ዓይን ላኩ።

እራት ተበልቶ ሲያበቃ ዌንደል ከልማዱ ጋር መታገል ስላቃተው አንድ ኖት ከሳህኑ ሥር ሸጎጠ። ወይዘሮ ታራይቪኒ አዩት። ቪሊሲ ንግግሩን እየጠበቀች፣ ከጓዳ ደግሞ ምን ተርፎ ሊወጣ ይሆን እያለች ቆመች። ወይዘሮዋ እጃቸውን ዘርግተው ኖቱን መዘዙ፣ አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና ዓሣቸውን መብላት ቀጠሉ። አላጨበጨቡም። የማንንም አባት አላነሡም። ቪሊሲ አክስቷ ከሰው ተቀብለው ዝም ሲሉ ያየችው ከአንድ ሰው ብቻ ነበር። ውኃ ሲቀዳላቸው፣ እንጨት ሲለቀምላቸው፣ የመጀመሪያ ደሞዝ እጃቸው ላይ ሲቀመጥላቸው አንዲት ሎሚ እንኳ ሳይመልሱ የኖሩት ለራሷ ለቪሊሲ ነበር፤ እሷም ሰዎች ሁሉ ሲሰጣቸው እኔን ብቻ ይነፍጉኛል እያለች በልቧ ስትከሳቸው ኖራለች።

ወይዘሮዋ አጥንቱን ከአፋቸው አወጡና ወደ ዌንደል ዞሩ።

"አንተ የእናቷ ወንድም፣ ተጎልተህ ልትቀር ነው? ድስቶቹ ከጓሮ ናቸው። ትልቁ አሯል፤ በአሸዋ ፈትገው።"

ዌንደል ፊቱ በርቶ ተነሣ። ቪሊሲ የሙሽራ ልብሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ተከተለችው፤ እሱ ሲፈትግ የሚያለቀልቅ ያስፈልጋል።