ጋቢናው ውስጥ የተኛው ኩሬ

በአገራችን ሐኪም ያልሆነ ሰው ታገኙ ይሆናል፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው ግን አታገኙም! ካላመናችሁኝ አንድ አሮጌ መኪና መንገድ ዳር አቁሙና ኮፈኑን ክፈቱ። ምንም አትናገሩ፤ ዝም ብላችሁ ቁሙ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰባት ሰው አንገቱን ያስገባል። ስምንተኛው አንገት ማስገቢያ ቦታ ሲያጣ ከኋላ ሆኖ "ባትሪው ነው!" ይላል። የተበላሸው ጎማው ቢሆንም እንኳ "ባትሪው ነው!" የሚል አይጠፋም።

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ገና የምማረውን ትምህርት ራሱ በደንብ አላወቅሁትም። ቢሆንም ይህን የማወራችሁ ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከሰባቱ አንዱ ነኝ። እንዲያውም… ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የሴሚስተር እረፍቴን ያሳለፍኩት አዋሽ፣ ከወንድሜ ከቢንያም ጋር፣ አጎታችን ጋሼ ታደሰ ቤት ነበር። ጋሼ አንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ አላቸው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በክብርማ አይነሳ! እኔ ሲያመኝ "ውሃ ጠጣና ተኛ" እባላለሁ። ፒካፑ ያስነጠሰ እንደሆነ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ተነቅሎ ደጅ ይወጣል።

እረፍቴ ሊያልቅ ሲል ትልቅ ጉዳይ መጣ። ቢንያም ሰመራ የምትሠራ ሜሮን የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። የቀረው አባቷ ናቸው። አባቷ አቶ ግርማ እዚያው ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። አዲስ እስክሪብቶ የሚሰጡት ያለቀውን በዓይናቸው አይተው፣ ወረቀት ላይ ሞክረው ነው ይባላል። ለታላቅ ልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ደግሞ ሩብ ሰዓት ስላረፈዱ "ዛሬ ሰዓት ያላከበረ ነገ ልጄን ያከብራል?" ብለው ከበር መልሰዋቸዋል። የእኛ ቀጠሮ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልህ አለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ሁለተኛው በባቡር ጥገና ሥራ ጡረታ የወጡት ጋሽ ፈለቀ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር ናቸው። አጎቴ "ሽማግሌ ተከብሮ ይሄዳል እንጂ ተቀቅሎ አይሄድም" ብለው፣ ሞቶ ዓመታት ያለፉትን የፒካፑን ኤሲ አሠሩ። እኔም እዚያው ሰመራ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ግቢዬ መመለሴ ስለሆነ አብሬያቸው እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንነሳ ቢንያም መስኮቱን ይዞ፣

"ናቲ፣ አደራ። አንተ ጠንቃቃ ነህ" አለኝ።

"አታስብ! መኪናውን ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ" አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ኤሲው ግሩም ሆኖ ነበር! ውጭ ምድሩ ሊጤስ ደርሷል፤ እኛ ውስጥ ሐጂ ሽርጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "አልሐምዱሊላህ፣ ደሴ የደረስን መሰለኝ" ይላሉ። ገዋኔ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ግን ፊት፣ ከሚነዱት ከአጎቴ ጎን የተቀመጡት ጋሽ ፈለቀ እግራቸውን አነሱ።

"ታደሰ፣ መኪናህ ውስጥ ወንዝ አለ እንዴ?"

"ወንዙ ከመንገዱ ማዶ ነው ጋሽ ፈለቀ።"

"እንግዲያው አንዱ ቅርንጫፉ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል!"

ቆምን። ምንጣፉ ሲነሳ ከሥሩ ኩሬ ተኝቷል! ዝናብ ካየን ወራት ባለፈን አገር፣ ግመል እንኳ ውሃ ፍለጋ በሚንከራተትበት በረሃ፣ እኛ ጋቢና ውስጥ ውሃ ሞልቶ ፈሰሰ። ሐጂ ሳቅ አሉና "ስምህ ነው ያመጣው! ፈለቀ ከተቀመጠበት ውሃ ቢፈልቅ ምን ይገርማል?" አሉ። ጋሽ ፈለቀ አልሳቁም። ካልሲያቸውን እየጨመቁ የሚስቅ ሰው ደግሞ የለም።

ምርመራው ተጀመረ። አጎቴ "የመስታወቱ ዙሪያ ጎሚኒ ነው" አሉ። ጎሚኒ የሚያፈሰው ሲዘንብ እንደሆነ እሳቸውም ትዝ ሲላቸው ቀና ብለው ጥርት ያለውን ሰማይ አዩ። ጋሽ ፈለቀ "ባቡር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካየን ከቦይለሩ ነው" አሉ። ፒካፑ ቦይለር እንደሌለው ሊነግራቸው የደፈረ የለም።

"ከራዲያተሩ የመጣ እንደሆነ ይጣፍጣል፤ በጣዕሙ ይታወቃል" አሉ አጎቴ። "መቅመስ ነው።"

ሦስቱም እኔን አዩኝ።

እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትላላችሁ። እኔ ግን ትልቅ ሰው ሲያዘኝ እምቢ ማለት አልችልም። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ።

"እህስ?"

"ጣፋጭ አይደለም… ንጹሕ ውሃ ነው ጋሼ። ትንሽ ግን የካልሲ ጣዕም አለው።"

ንጹሕ ውሃ ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ ኋላ ወንበር፣ ሐጂ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠቢያ ብለው ወደያዙት ጀሪካን ዞረ። ሐጂ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"የእኔን ጀሪካን? ወላሂ አንድ ጠብታ አልጎደለም! አውጡት! ይታይ!"

ጀሪካኑ ወጣ። ክዳኑ ተከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ይቅርታ ተጠየቀ፤ ሐጂ ግን ጀሪካናቸውን እንደተሰደበ ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ብቻ እያዩ ተጓዙ።

ውሃውን በፎጣ አደረቅነው። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ኩሬው ቦታው ላይ ተመልሶ ተገኘ። ያኔ አጎቴ እጅግ ብልህ የመሰለን ሐሳብ አመጡ።

"ኤሲውን እንጨምርበት፤ ነፋሱ ያድርቀው!"

ጨመርንበት። ውሃው ባሰበት። "ገና አልበቃውም፤ እስከ መጨረሻው አድርገው!" አሉ ጋሽ ፈለቀ። አደረግነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ እያቀዘቀዘ የሚወስድ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሚሌ ስንደርስ ጋሽ ፈለቀ ወረዱና ጫማቸውን ገልብጠው አፈሰሱት።

"እኔ ከዚህ አላልፍም።"

"ጋሽ ፈለቀ፣ እባክዎ…"

"ያ ሰውዬ እስክሪብቶ የሚመረምር ነው ተብሏል! ጭቅ ጭቅ እያልኩ ገብቼ ምንጣፉ ላይ ኩሬ ልጣልለት? 'ልጅህን ስጠን' ልል ነው ወይስ 'ፎጣ ስጠን'? ተመለሱ፤ ቀጠሮው ይዛወር።"

ቀጠሮ ይዛወር ማለት ከአቶ ግርማ ጋር ጉዳዩ አለቀለት ማለት ነው። የቢንያም ፊት መጣብኝ።

የቆምነው ሐዋ የምትባል የአፋር ሴት ሻይና ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥበት ዳስ ፊት ለፊት ነበር። ሌሎች ሁለት መኪኖችም አጠገባችን ቆመዋል። ሐዋ የጋሽ ፈለቀን ካልሲ ተቀብላ ገመድ ላይ ሰጣችው። በዚያ ፀሐይ ሻያችንን ሳንጨርስ ይደርቃል። ከዚያ ፍየሎቿ መጡ። አንዷ ጥቁር ፍየል በመጀመሪያው መኪና ሥር ገባችና መሬት ላሰች። ወደ ሁለተኛው ሄደችና ከላይ የሚንጠባጠብ ነገር በምላሷ ተቀበለች። ወደ እኛ ፒካፕ መጣች፣ አንገቷን አስገባች፣ አሸተተች፣ ሽቅብ አየች… ከዚያ እንደተናቀ እንግዳ ጀርባዋን ሰጥታን ሄደች።

ሐዋ ሳቀች። "የናንተ መኪና ንፉግ ነው እንዴ? ኤሲ ያለው መኪና ሁሉ ከታች ውሃ ይጥላል፤ ፍየሎቼ ያውቃሉ። የናንተ ለምን ደረቀ?"

"ኤሲ ውሃ ይጥላል?" አሉ አጎቴ።

"ቱቦ አለው፣ በሱ ወደ ውጭ ይጥላል። ቱቦው ከተዘጋ ወዴት ይሂድ? ወደ ውስጥ ነዋ!"

ያን ጊዜ፣ አንባቢዎቼ፣ በሚሌ ሙቀት መሐል እኔን ብቻ በረደኝ።

ኤሲው በተሠራ ማግሥት በፒካፑ አጠገብ ሳልፍ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ቱቦ ውሃ ስታንጠባጥብ አይቼ ነበር። በዚህ በረሃ መንገድ ውሃ የሚያፈስ መኪና ነፍሱን እንደሚያፈስ ሰው ነው! ለማንም ሳልናገር፣ ጋሼን ላስደስት ብዬ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቀድጄ ቱቦዋን በሦስት ዙር ጥፍር አድርጌ አሰርኳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የእኔው ግን ከአዋሽ እስከ ሚሌ ንቅንቅ አላለም።

"እኔ ልየው!" ብዬ ማንም ሳይቀድመኝ ሥሩ ተንሸራተትኩ። ላስቲኩን ፈትቼ ኪሴ ስከት የታቆረው ውሃ በሙሉ ፊቴ ላይ ወረደ። ጥቁሯ ፍየል በደስታ መጥታ ጆሮዬን ላሰችኝ።

"ምን ነበር ናቲ?" አሉ አጎቴ።

"ቱቦው… ተዘግቶ ነበር ጋሼ።"

ውሸት አይደለም! ሙሉ እውነትም አይደለም። አጎቴ ግን ከዚያ በኋላ አፋቸው አልተከደነም። "አየኸው ሐጂ? ትምህርት ማለት ይኼ ነው!" ሎግያ እስክንደርስ "ተባረክ" የተባልኩት ለዓመት ይበቃኛል። ጋቢናው ደረቅ ነው፤ የኔ ጀርባ ግን በላብ ርሷል።

አቶ ግርማ በር ላይ የደረስነው ዘጠኝ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሰዓታቸውን አዩ፤ አስገቡን። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ስለ መንገዱ ሲጠየቁ አጎቴ የውሃውን ታሪክ ከነፍየሏ ተረኩና በመጨረሻ ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ያዳነን ይኼ ነው፤ የልጁ ታናሽ ወንድም። ቤተሰቡ እንዲህ ነው፤ ችግር አይቶ አያልፍም!"

አቶ ግርማ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን ነበር ቱቦውን የዘጋው?"

"አቧራ ይሆናላ" አሉ አጎቴ።

"ልጁን ነው የጠየቅሁት።"

አንባቢዬ፣ አንድ "አዎ፣ አቧራ" ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ሦስት ሽማግሌዎች ስለ ቤተሰባችን እውነት ሊመሰክሩ የተቀመጡበት ቤት ነው። የወንድሜ ትዳር በእኔ ውሸት ላይ ቢጀመርስ? እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ።

"ላስቲክ ነው ጌታዬ። የብስክሌት ጎማ ላስቲክ።"

"ላስቲክ በራሱ ሄዶ ቱቦ ላይ ይታሰራል?"

"አይ… እኔ ነኝ ያሰርኩት።"

ጋሽ ፈለቀ ቀስ ብለው እግራቸውን አዩ። ሐጂ "ያ አላህ! ጀሪካኔን አስጠርጥረህ!" አሉ። አጎቴ ወደ እኔ የጠቆሙበትን ጣት ቀስ ብለው አጠፉት፤ እሱ ባሰብኝ።

አቶ ግርማ ላስቲኩን ተቀበሉኝ፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉት።

"ጠንካራ ነው" አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ኖሯል! "ንብረት ክፍል ስሠራ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ዕቃ ጎደለ ሲባል ሁሉም ሌላውን ይጠቁማል። 'እኔ ነኝ' ሲባል ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ቢንያምም እንደ ወንድሙ ከሆነ…"

"ኧረ እንደ ወንድሙ አይደለም!" ብለው ጋሽ ፈለቀ ከወንበራቸው ተነሡ። "ቢንያም እጁን ሰብስቦ የሚቀመጥ ልጅ ነው!"

በሁለተኛው ቀጠሮ አቶ ግርማ "እሺ" አሉ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወንድሜም አሁን እህል ይበላል። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት፣ ለሰው ደግ ነገር ለመሥራት ሲያምራችሁ ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ሰው መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

አጎቴም የተማሩት አለ። ለዚያ ለሁለተኛው ቀጠሮ ሰመራ ሲመጡ ፒካፑን አቶ ግርማ በር ላይ አቆሙና ክንዴን ጨብጠው ይዘውኝ ሊገቡ ሆነ። እኔም ለማገዝ ብዬ፣

"ጋሼ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ እዚህ ሆኜ መኪናውን ልጠብቀው" አልኳቸው።

"የኔ ልጅ" አሉኝ ክንዴን ሳይለቁ፣ "እየጠበቅሁት ነው እኮ።"