ጠበል የማይነካው መደርደሪያ

እናንተዬ፣ መጽሐፍ እየገዛ የማያነብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቡራዩ፣ ከምኖርበት ግቢ ውስጥ አግኝቻለሁ። ግርማ ይባላል። ከመናፍስት ታሪክ በቀር ሌላ የማያሳትም አንድ ትንሽ አሳታሚ አለ፤ ግርማ የሚሰበስበው የእሱን መጻሕፍት ነው፣ ያውም የመጀመሪያውን እትም ብቻ። ሁለተኛውን ብትሰጡት እንደ ሻገተ ዳቦ ነው የሚያየው።

"አንብበኸዋል ግን?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ገልጬው ጥራዙ እንዲላቀቅ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

አከራያችን ኦቦ ቶሎሳ የሽፋኖቹን ቀንዳም ሥዕል ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። አንድ እሁድ ጠበል በጆግ ይዘው፣ ጎረቤት አስከትለው ወደ ግርማ ክፍል ገቡና የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሊረጩ ሲሉ ግርማ እሪ አለ።

ጠበል አይቶ የሚጮህ ሰው ምን እንደሚባል መቼም ታውቃላችሁ። "ይኸው ጮኸ!" አሉ ጎረቤቶቹ። ግርማ መደርደሪያውን በጀርባው ከልሎ፣ በሁለት እጁ ሙጭጭ ብሎ ያዘ።

"ልቀቅ! ገዲሲ!" አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ ሰይጣኑ አማርኛ ባይሰማ ብለው በኦሮምኛም ጨመሩለት።

"አልለቅም!"

"ልቀቀው እኮ ነው የምልህ!"

"አልለቅም! እኔ ላይ ያፍስሱት፣ ወረቀቱን ግን አይንኩብኝ!"

ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሱበት። ከዚያ "ወጣለት!" ተብሎ እልል ተባለ። እኔም አዘንኩና ፎጣ አቀበልኩት። ፊቱን የሚጠርግ መስሏችኋል? ውሃው ካገጩ እየተንጠባጠበ መደርደሪያውን ዳር እስከ ዳር አደረቀና ወደ አከራያችን ዞረ።

"ኦቦ፣ የሚቀጥለው እሁድም ይምጡ። እዚሁ ቆሜ ያገኙኛል።"