የምዋሊሙ ኦባንዳ ወህኒ ቤት

በዚህ ዓለም ላይ ጡረታ የማይወጣ ሰው ቢኖር ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ርዕሰ መምህሩማ ጊዜው ሲደርስ እርሻው ገብቶ በቆሎውን ይኮተኩታል። ምክትሉ ግን የአርፋጆችን መዝገብ ብብቱ ስር ሸጉጦ ይወጣና የሚያረፍድ ሰው ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መኪና በሰልፍ የሚያስቆመው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ንግግር ያስረዘመውን ዘመድ ሰዓቱን እያሳየ የሚያስቀምጠውም እሱ ነው።

ለከተማችን ለኬንያዋ ኪሱሙ የደረሷት ምክትል ክቡር ምዋሊሙ ኦባንዳ ናቸው፤ ምዋሊሙ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። እኔን ራሴን አራት ዓመት ቀጥተውኛል፤ ዛሬ ስልክ ጠጋኝና የሁለት ልጆች አባት ሆኜ እንኳ ድምፃቸውን ስሰማ ሸሚዜን ወደ ሱሪዬ እከታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጫጫታችሁ አስቸገረን ብለው ሊቆጡን ወደ ኦጉቱ ኮምፒውተር ቤት ወረዱ። ኦጉቱ፣ አፒዮ እና እኔ እዚያ የምንጫወተው ድንኮች ተራራ ፈልፍለው ከተማ የሚመሠርቱበትን ጨዋታ ነው። ከተማዋ የሦስታችንም ናት፤ እያንዳንዳችን የጨዋታውን አንድ ዓመት እንገዛና በፍላሽ ለባለተራው እናስረክባለን። በሌላው ዓመት ማንም እጁን አያስገባም። ይህ ሕጋችን ነው፤ ሌላ ሕግ የለንም።

ምዋሊሙ ከአፒዮ ጀርባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ። ድንኮቹ ሲንቀዋለሉ፣ ደረጃ ላይ ሲተኙ፣ በሥራ ሰዓት ሲጠጡ አዩ። ከዚያ እነዚህን የሚቆጣጠራቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማንም እንደሌለ ስንነግራቸው ፊታቸው ላይ የታየው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ለቀልድ ብለን የሚቀጥለውን ዓመት ሰጠናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ለመንናቸው፤ ጎተራው ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ እርሻ ያርሱ። እሳቸው ወህኒ ቤት ሠሩ። አሥራ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው የተወለወለ ድንጋይ፣ በየክፍሉ አልጋና ጠረጴዛ። ከድንኮቹ ከንቲባ ቤት የተሻለ ነበር፤ ከንቲባው ይህን ተናግሮ ቅሬታ ሲያቀርብ አንዱን ክፍል አገኘው። ጠማቂው በሥራ ላይ ጠጥቶ ተገኘና ገባ። ድንጋይ ጠራቢው ደረጃ ላይ አንቀላፍቶ ገባ። መኸር ሲደርስ ከሠላሳ አንድ ድንክ ሰባቱ እስረኛ፣ አራቱ ጠባቂ፣ የቀሩት ለእነዚህ ምግብ አመላላሽ ሆነው ነበር። ምዋሊሙ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ “አሁን ትምህርት ቤት መሰለ” አሉ።

በመኸሩ መጨረሻ አረንጓዴ ቆዳ ያላቸው ወራሪዎች መጡ። ጠባቂዎቹ በጠባቡ የወህኒ ኮሪደር ገጥመው መለሷቸው፤ ከነሱም አምስቱን አቁስለው ማረኩ። የኛ ልማድ ምርኮኛን ከተራራው ስር ወደሚፈሰው የቀለጠ ዐለት መወርወር ነው፤ ደስም ይላል። ምዋሊሙ እንቢ አሉ። የታሰረ ሁሉ እስረኛ ነው፣ እስረኛ ደግሞ ይበላል አሉና ባዶዎቹን አምስት ክፍሎች ሰጧቸው።

ምግቡ ለክረምቱ እንደማይበቃ አፒዮ አስልታ አሳየችን። አምስቱ ጠላቶች ከበሉ የኛዎቹ ልጆች ይራባሉ። የሳቸው ዓመት ከመኸሩ ጋር ሲያልቅ ቀጣዩ ተራ የኔ ስለነበር ሦስታችን ተማከርንና ዓመቱን በተረከብኩ ቀን ወደ ቀለጠው ዐለት እንድጥላቸው ተስማማን። እኔም ቃል ገባሁ።

በርክክቡ ቀን ምዋሊሙ ከረባት አስረው መጡ። ፍላሹ በፖስታ ታሽጓል፤ ከሱ ጋር አሥራ አንድ ገጽ የተጻፈበት ደብተር አለ። ወሬው ደርሷቸዋል።

“ኦሎ፣ የሰማሁት እውነት ነው?”

ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁ። “እውነት ነው ምዋሊሙ። ምግብ የለም።”

ፖስታውንና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

“ዓመቱ ያንተ ነው፤ አልገባበትም። ግን እኔ ስሙን ሳልጠራ የቀጣሁት ተማሪ የለም። አንተም ስማቸውን ጥራ።”

ይህን ብለው ወጡ። አፒዮ ሳቀች፤ ኦጉቱም “ጥራላቸው እንጂ፣ አምስት ስም ምን አላት” አለኝ። ደብተሩን ገልጬ ጮክ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። አንደኛው ጎርዛክ፤ ግራ እጁ ስለማይታዘዝ ውኃው በቀኝ በኩል ይቀመጥለት። ሁለተኛዋ ኡሽና፤ ጥርሷ ስለተሰበረ ለስላሳ ምግብ። ሦስተኛው ብሩል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ አይቀስቀስ። ጨዋታው የማያውቀው ነገር ነው ይህ ሁሉ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀኝ የሚባል የውኃ ቦታ የለም። ሽማግሌው ቁጭ ብለው አይተው፣ አስበው ጽፈውታል።

አራተኛውን አልጠራሁም። እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።

“ምን ሆንክ?” አለች አፒዮ።

“ጠመቃውን እዘጋለሁ። ለመጠጥ የተቀመጠው እህል ይበላ።”

“ድንኮቹ ክረምቱን ውኃ ሊጠጡ? ያብዳሉ እኮ።”

“ይበዱ። የታሰሩት ይበሉ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ኦባንዳን ሆንክ” ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። እውነትም አበዱ፤ ሁለቱ ከንቲባውን ደበደቡ፣ አንዱ ሱሪውን አውልቆ ጎተራው ውስጥ ሮጠ። ግን ማንም በረሃብ አልሞተም። ስድቡን ሁሉ የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ኦጉቱ እስከ ዛሬ አንድ ሳምንት ሳይሰድበኝ አያልፍም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምዋሊሙ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ፣ አምስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ አዩ። እኚህን ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ስፈራቸው ኖሬያለሁ፤ እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ፣ ጀርባዬ ላይ ትንፋሻቸው እየተሰማኝ ነው።

“ምሳ በልተዋል?” አሉ።

“በልተዋል ምዋሊሙ።”

“አንተስ?”